ኢትዮጵያውያት የጦር መሪዎች በሮም ላይ

ኢትዮጵያውያት የጦር መሪዎች በሮም ላይ የሚለው ርዕስ ከ1881 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የኢጣሊያን የቅኝ ግዛት ሙከራና ወረራ በድርድር፣ በጦር ሜዳና በስውር ትግል የተቋቋሙ ሴቶችን ታሪክ ይመለከታል። ከእነዚህም ዋነኞቹ እቴጌ ጣይቱ ብጡል፣ ወይዘሮ ከበደች ሥዩምና ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ናቸው። እቴጌ ጣይቱ በዘውድ፣ በገንዘብና በራሳቸው ጭፍራ ኃይል ተዋጉ። ሌሎቹ ሁለቱ የተነሡት ግን ንጉሠ ነገሥቱ ከተሰደዱ፣ ዋና ከተማዪቱም ከተያዘች በኋላ ነው። ሦስቱም የራሳቸውን ውሳኔ የወሰኑና የሚታዘዛቸው ሰው የነበራቸው ስለሆነ ከዘማች ሚስትነት በተለየ ስፍራ ይታያሉ።

ጥንታዊ ምሳሌዎች

ሮምን በጦር የገጠሙ ንግሥታት በጥንቱ ዓለም ታሪክ ደጋግመው ይገኛሉ። ለኢትዮጵያ አንባቢ በስም የምትቀርበው የኩሽ ንግሥት ናት። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 «ህንደኬ» የሚለው ቃል የአንዲት ሴት ስም ቢመስልም፣ መሠረቱ የመርዌ ንግሥታት ማዕረግ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ25 ገደማ አንዲት ህንደኬ፣ ብዙ ታሪክ ጸሐፊዎች አማኒሬናስ የሚሏት፣ ጦሯን ወደ ግብፅ ድንበር ልካ አስዋንን አስያዘች። የሮሙ አገረ ገዥ ፔትሮኒየስ በአጸፋው ናፓታን አወደመ። ጦርነቱ ግን በ21 ወይም በ20 ከክርስቶስ ልደት በፊት በሳሞስ ደሴት በተደረገ ስምምነት ሲያበቃ አውግስጦስ ቄሳር በኩሽ ላይ የጣለውን ግብር አንሥቷል። ከቄሳሩ ሐውልት ተቆርጦ የተወሰደው የነሐስ ራስም በመርዌ ከአንድ ቤተ መቅደስ ደረጃ ሥር ተቀብሮ ተገኝቷል። የሚገባ የሚወጣው ሁሉ ቄሳሩን ይረግጠው ነበር ማለት ነው።

በብሪታንያ ደሴት የኬልት ነገዶች ተመሳሳይ ታሪክ አላቸው። የአይሲኒ ነገድ ንጉሥ ፕራሱታጉስ ሲሞት ቄሳር ኔሮንን ከሁለት ሴት ልጆቹ ጋር ወራሽ አድርጎ ኑዛዜ ትቶ ነበር። የሮም ሹማምንት ግን ኑዛዜውን ጥሰው አገሩን ወረሱ፤ ንግሥቲቱን ቦዲካን ገረፉ፣ ልጆቿንም ደፈሩ። ቦዲካ በ60 ወይም 61 እ.ኤ.አ. ነገዶችን አስተባብራ የዛሬዎቹን ኮልቼስተር፣ ለንደንና ሴንት ኦልባንስ አቃጠለች። በመጨረሻ በአገረ ገዥው ሱዌቶኒየስ ፓውሊኑስ ተሸነፈች። በዚያው ዘመን የብሪጋንቴስ ነገድ ንግሥት ካርቲማንዱዋ ከሮም ጋር ወዳጅነትን መርጣ፣ ሸሽቶ የተጠጋትን ተዋጊ ካራታኩስን በ51 እ.ኤ.አ. ለሮማውያን አሳልፋ ሰጥታለች። ስለዚህ የኬልት ንግሥታት ሁሉ በአንድ ወገን አልተሰለፉም።

የቦዲካና የእቴጌ ጣይቱ ጠብ ሁለቱም ከወረቀት ይነሣል። ልዩነቱ በጊዜው ላይ ነው። ቦዲካ የተነሣችው ኑዛዜው ከተጣሰና አገሩ ከተወረሰ በኋላ ሲሆን፣ ጣይቱ የተነሡት ከኢጣሊያ ጋር የተፈረመው የውጫሌ ውል ገና በክርክር ላይ ሳለ ነው።

ሴቶች ጦር እንዲመሩ ያስቻለው ሥርዓት

በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ሴት ከእናቷም ከአባቷም ወገን ርስት ትወርስ ነበር። የባላባትና የመሳፍንት ልጆች ከመሬቱ ጋር ሎሌና ባለጠመንጃ ይኖራቸዋል። ባል ወይም አባት ሲሞት ጭፍራው ሁልጊዜ አይበተንም፤ ሚስቲቱ ወይም ልጂቱ ብትጠራው ሊከተላት ይችላል። የአርበኝነት ዘመን ሴት አዛዦች የተነሡት በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የዘመቻው አኗኗር ነው። የድሮው ጦር የራሱ የስንቅ ክፍል አልነበረውም። ወታደሩ በሶውን፣ ቋንጣውንና ድርቆሹን ከቤቱ ይዞ ይነሣል፤ እህል የሚፈጩት፣ እንጀራ የሚጋግሩት፣ ውኃ የሚቀዱት ደግሞ አብረው የሚዘምቱ ሴቶች ናቸው። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሠራዊት ለወራት ሲጓዝ ይህን የሚያስተባብር ሰው ጦሩን በግማሽ ያዛል ማለት ይቻላል።

እቴጌ ጣይቱ ብጡል

ጣይቱ ብጡል የደጃዝማች ብጡል ኃይለ ማርያም ልጅ ሲሆኑ፣ ቤተሰባቸው የሰሜኑን ገዥ የደጃዝማች ውቤን ወገን ይጨምራል። ግእዝ የተማሩ፣ በገና የሚደረድሩና ሰንጠረዥ የሚጫወቱ ነበሩ። በ1875 ዓ.ም. የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን በቁርባን አገቡ። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ሲነግሡ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ጣይቱ እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ።

የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመ ሲሆን 20 አንቀጾች ነበሩት። የአንቀጽ 17 የአማርኛ ቃል ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ስትላላክ ብትፈልግ በኢጣሊያ በኩል ማድረግ እንደምትችል ይናገራል። የጣሊያንኛው ቅጂ ግን ነገሩን ግዴታ አደረገው፤ ሮምም በዚህ ተመርኩዛ ኢትዮጵያ ጥገኛ ግዛቴ ናት ብላ ለአውሮፓ አስታወቀች። ነገሩ በ1882 ዓ.ም. ሲታወቅ የኢጣሊያው መልእክተኛ ፒዬትሮ አንቶኔሊ ለማለሳለስ ተመልሶ መጣ። በ1883 ዓ.ም. በተደረገው ክርክር እቴጌይቱ ዋና ተከራካሪ ነበሩ። አንቶኔሊ መንግሥቱ ለኃያላኑ ያስታወቀውን ቃል ቢያጥፍ ክብሩ እንደሚነካ ሲያመለክት፣ እቴጌይቱ ኢትዮጵያም ለእነዚያው መንግሥታት ያስታወቀችው ቃልና የምትጠብቀው ክብር እንዳላት መለሱለት። ጦርነት እንደማይወዱ፣ ይህን ከመቀበል ግን ጦርነት እንደሚመርጡም ተናገሩ። ድርድሩ ፈርሶ አንቶኔሊ ወደ አገሩ ሄደ። ምኒልክም በየካቲት 1885 ዓ.ም. ውሉን መሻራቸውን አስታወቁ።

የክተት አዋጁ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ሲታወጅ ጣይቱ የራሳቸውን ጦር አስከትለው ዘመቱ። የዘመቻው ቆጠራ በእርሳቸው ሥር 3,000 ያህል ባለጠመንጃና 600 ፈረሰኛ ያስመዘግባል። ኅዳር 28 ቀን በአምባ አላጌ የማጆር ቶዜሊ ጦር ከተደመሰሰ በኋላ ሠራዊቱ መቀሌ ደረሰ። በዚያ ማጆር ጋሊያኖ ከ1,300 ያህል ሰው ጋር በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ ተቀምጦ ነበር። ምሽጉ በድንጋይ ካብ፣ በእሾህ ሽቦና በመድፍ የተጠናከረ ስለነበር ፊት ለፊት የገጠመው ሁሉ ረገፈ። ደካማ ጎኑ ግን አንድ ነበር፤ የሚጠጣው ውኃ ከግንቡ ውጭ ነው። ምንጩን የመያዙ ሐሳብ የእቴጌ ጣይቱ እንደሆነ ብዙ ታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ከራሳቸው ጭፍራ ሰው መርጠው በሌሊት ላኩ፤ ምንጩ ተያዘ፤ ሊያስለቅቅ የወጣው የጠላት ጦርም በተደጋጋሚ ተመለሰ። ውኃ በጥቂት ጥቂት እየተሰፈረ ሲታደል የሰነበተው ምሽግ በጥር ወር ተለቀቀ። ምኒልክ ጋሊያኖን ከነመሣሪያው እንዲወጣ ፈቀዱለት። ጋሊያኖ ግን ተመልሶ በዓድዋ ተሰልፎ እዚያው ሞተ።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የጄኔራል ባራቲዬሪ ጦር 17,700 ያህል ሰውና 56 መድፍ ይዞ ገጠመ። አልቤርቶኔ ተማረከ፤ አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ ሞቱ። በዚያን ቀን እቴጌይቱ ጥቁር ጥላ አስይዘው፣ ፊታቸውን ገልጠው በጦሩ መካከል በእግራቸው ሲሄዱ፣ የሚያፈገፍገውን ሲያደፋፍሩ እንደነበር የምኒልክ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ መዝግበዋል። መድፈኞቻቸው ይተኩሱ ነበር። ብዙ ሺህ ሴቶች በእንስራና በቅል ውኃ እያመላለሱ ለተዋጊውና ለቁስለኛው አደረሱ፤ የቆሰለ ምርኮኛም ከዚያው ውኃ ጠጣ። በመቀሌ ለጠላት የተከለከለው ውኃ በዓድዋ የራስን ጦር አበረታ።

በጥቅምት 1889 ዓ.ም. የተፈረመው የአዲስ አበባ ውል የውጫሌን ውል ሽሮ የኢትዮጵያን ሙሉ ነጻነት አወቀ።

የአምስቱ ዓመት አርበኝነት

ኢጣሊያ ከ40 ዓመት በኋላ ስትመለስ የሮምን ስም በግልጽ አነሣች። አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ ሙሶሊኒ ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. የሮም ግዛት ዳግም መቋቋሙን በሮም አደባባይ አወጀ።

ወይዘሮ ከበደች ሥዩም የራስ ሥዩም መንገሻ ልጅ፣ የአፄ ዮሐንስ 4ኛም የልጅ ልጅ ልጅ ናቸው። አያታቸው ራስ መንገሻ ዮሐንስ በዓድዋ ከእቴጌ ጣይቱ ጋር አንድ ሰልፍ ላይ ነበሩ። ባላቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ ከወንድማቸው ከደጃዝማች አስፋ ወሰን ጋር በሰላሌ ሲዋጉ ቆይተው፣ የምሕረት ቃል ተሰጥቷቸው እጃቸውን ሲሰጡ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በፍቼ ተገደሉ። አባታቸው ራስ ሥዩምም ቀደም ሲል ለኢጣሊያ ገብተው ነበር። ለከበደች የነበረው ቀላል መንገድ መግባት ነው። እርሳቸው ግን ነፍሰ ጡር ሳሉ ሸፈቱ፤ የባላቸውን ጭፍራ ሰብስበው በሸዋ ተዋጉ፤ በበረሃም ወለዱ። ጠላት በበረታ ጊዜ በሱዳን በኩል ወደ ኢየሩሳሌም ተሰደዱ።

ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ትግሉን የጀመሩት በጠላት እጅ በነበረችው በአዲስ አበባ ነው። ንብረታቸውን እያዋሉ ለአርበኞች ጥይት፣ መድኃኒትና ወሬ ያስተላልፉ ነበር። ተይዘው ብዙ ሥቃይ ከደረሰባቸው በኋላ ወደ ኢጣሊያ ተጋዙ፤ ሲመለሱም የአዲስ ዓለምን ምሽግ ለማስያዝ ከአርበኞች ጋር አሴሩ። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም በጎሬ ከጥቁር አንበሳ ጦር ጋር በቀይ መስቀል ሥራ ተሰልፈው በኋላ ወደ አዚናራ ደሴት ተጋዙ። ከነጻነት በኋላ በ1950 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆኑ።

ሲዳማና ሐዋሳ

ታሪኩ በሁለት መንገድ ወደ ደቡብ ይወርዳል። በዓድዋ የመድፍ ውጊያ ስማቸው የገነነው ባልቻ ሳፎ በኋላ ደጃዝማች ተብለው ሲዳሞን ከሐገረ ሰላም ሆነው አስተዳድረዋል። ለሲዳማና ለብዙ የደቡብ ሕዝቦች የዓድዋው መንግሥት መሬታቸውን ለነፍጠኛ ያከፋፈለ ገዥም ስለነበር፣ የድሉ ትዝታ በሁሉም ዘንድ አንድ መልክ የለውም።

ሲዳማ የራሱ የንግሥት ትዝታ አለው። በቃል ትውፊት ንግሥት ፉራ ለሰባት ዓመት ገዝታ ለሴቶች ያደላች፣ ወንዶችንም ሊፈጽሙት በማይችሉት ትእዛዝ የፈተነች ናት፤ በመጨረሻ ወንዶቹ በዱር እንስሳ ላይ አስቀምጠው አጠፏት፤ የሰውነቷ ክፍሎች የወደቁባቸው ቦታዎችም በየክፍሉ ስም ተሰየሙ ይባላል። ፉራ ከውጭ ወራሪ ጋር ያልተዋጋች በመሆኗ ከጣይቱና ከህንደኬ ትለያለች።

ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. ገደማ በሲዳሞ ገዥ በልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም ተቆረቆረች። ራስ መንገሻ የወይዘሮ ከበደች ወንድም ናቸው።

መታሰቢያ

እቴጌ ጣይቱ በምኒልክ ሕመም ጊዜ መንግሥቱን ሲመሩ ቆይተው በ1902 ዓ.ም. ከሥልጣን ተገለሉ፤ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. በእንጦጦ ዐረፉ። አፅማቸው በአዲስ አበባ በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ገዳም ይገኛል። የዓድዋ ድል በዓል በየዓመቱ የካቲት 23 ቀን፣ የአርበኞች በዓል ሚያዝያ 27 ቀን ይከበራል።

ሙሶሊኒ በ1929 ዓ.ም. ከአክሱም አስነሥቶ ወደ ሮም ያስወሰደው ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በጥንት ቦታው ዳግም ቆሟል። ህንደኬ ያስቀበረችው የአውግስጦስ ራስ ግን ወደ ሮም አልተመለሰም፤ ዛሬ የሚገኘው በለንደን፣ በብሪቲሽ ሙዚየም ነው።