ትንፋሽንና ደምን በብርሃን የመለካት ታሪክ፦ ከለንደን እስከ ጣርማ በር

ጆን ቲንዳል እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ለንደን ውስጥ በሰው ትንፋሽ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሙቀት ጨረር ለክቷል። ጃፓናዊው ታኩኦ አዮያጊ ደግሞ በ1974 የፐልስ ኦክሲሜትርን መርህ ይፋ አደረገ፤ ብርሃን የደምን ኦክስጅን ያለ መርፌ ነገረን። በ2002 የወጣው የሲንቲያ ቢል ጥናት በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎች አማካይ የኦክስጅን ሙሌት 95.3 በመቶ መሆኑን አሳየ። እንግዲህ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ጣርማ በር፣ ዝቅ ያለን ቁጥር በከፍታው ብቻ ማመካኘት አያዋጣም።

ይበልጥ የሚያሰጋው ግን ከፍ ያለው ቁጥር ነው። ቁር ሲበረታ በተዘጋ ቤት ከሰል አንድዶ ያደረ ሕመምተኛ ሲመጣ፣ በሁለት የብርሃን ሞገዶች ብቻ የሚሠራው መሣሪያ ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን እንደ ያዘ ይቆጥረዋል። 98 ቢነበብም ስለ ከሰሉ ጠይቆ ወዲያው ኦክስጅን መስጠት ይገባል።