የቍስቋም ተስፋ

ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ዛፍ ባለበሰው ኮረብታ ላይ፣ የደብረ ፀሐይ ቍስቋም ቤተ ክርስቲያንና የእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት ፍራሽ ጎን ለጎን ይገኛሉ። ወደዚያ የወጣሁት እንደ ማንኛውም ጎብኚ ቅርስ ለማየት ነበር። መስታወት የተገጠመለት ሣጥን ፊት ስደርስ ግን ዝም አልኩ። በውስጡ ያለው አጽም የእቴጌይቱ፣ የልጃቸው የዳግማዊ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ ነው ይባላል። ያስጎበኙኝ አረጋዊ ካህን እጃቸውን ዘርግተው «እቴጌ እዚህ ናቸው» አሉኝ። «ነበሩ» አላሉም። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ ያቺ አንዲት ቃል ናት።

የቋራዋ ተወላጅ ምንትዋብ ባለቤታቸው ዐፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም. ሲሞቱ ሕፃን ልጃቸውን አንግሠው፣ ራሳቸውም ዘውድ ጭነው አገር መርተዋል። ቍስቋምን ያሠሩትም በዚያ የብርታት ዘመን ነው። ስሙ፣ እመቤታችን ልጇን ከሄሮድስ ሰይፍ ለማዳን ስትሰደድ ያረፈችበት የግብፅ ተራራ ስም ነው፤ በዓሉም ኅዳር 6 ቀን ይውላል። እንግዲህ እቴጌይቱ ደብራቸውን የሰየሙት ልጇን ይዛ በሸሸች እናት መጠጊያ ነበር። እሳቸው ግን የራሳቸውን ልጆች ማትረፍ አልሆነላቸውም። ዳግማዊ ኢያሱ በ1747 ዓ.ም. ሞቱ። ኢዮአስም በ1761 ዓ.ም. በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ ተገደሉ። እቴጌይቱ ልጅንም የልጅ ልጅንም አልቅሰው በ1765 ዓ.ም. ዐረፉ።

የነገሥታት ቤተ ክርስቲያን ማሠራት የሥልጣን ማሳያ ነበር የሚሉ አሉ፤ እውነትነት አለው። ነገር ግን በጣና፣ በደቅ ደሴት፣ እሳቸው ባሠሩት በናርጋ ሥላሴ ግድግዳ ላይ ያለውን ሥዕል ያየ ሰው ሌላም ነገር ያስተውላል። ዘውድ የጫኑት ሴት ከእመቤታችንና ከልጇ እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ።

ታዲያ ሁሉን ያጣ ሰው በምን ይጸናል? መልሱን ከግእዝ ቃል መፈለግ ይቻላል። በግእዝ «ተስፋ» ማለት ሰው የሚጠብቀው ብቻ ሳይሆን እግዚአብሔር የሰጠው ቃልም ነው። ከነዓንን «የተስፋ ምድር» የምንለው ስለዚህ ነው። የጸሎተ ሃይማኖት መደምደሚያም የሙታንን ትንሣኤና የሚመጣውን ሕይወት የሚያነሣው በዚሁ በተስፋ ግስ ነው። ሰው የሚጠብቀው ሌላው ስለተናገረ ነው፤ ጥበቃው በጠባቂው ብርታት ሳይሆን በተናጋሪው ታማኝነት ላይ ይቆማል።

ይህ እምነት ልቅሶን አይከለክልም፤ ቀን ይሰጠዋል እንጂ። ሰልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት እያለ ሐዘንተኛውን በእጁ ይዞ ያሻግረዋል። ዜማም አበጅቶለታል። ከቅዱስ ያሬድ ድርሰቶች አንዱ የሆነው መዋሥዕት ለሙታን የሚደርስ ሲሆን፣ ማስመስከሪያው በጋይንት ዙር አባ ነው። እዚያ ተማሪው የመዋሥዕትን ዜማ ሲያጠና ዓመታት ይፈጃል።

በጥር 1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ቍስቋምም ከእሳት አላመለጠም። ዛሬ የሚታየው ቤተ ክርስቲያን ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። የእቴጌይቱ ግንብ ግን ፍራሽ እንደሆነ ቀርቷል። የጎንደር ሰው እንደገና ያቆመው ቤተ መንግሥቱን ሳይሆን የሚጸለይበትን ቤት ነው።

አንድ ነገር ግን አሁንም ይከነክነኛል። ትንሣኤን የሚጠብቅ አጽም በመስታወት ሥር ለጎብኚ ዓይን መቅረቡ ተገቢ ነውን? ይህንኑ ካህኑን ጠየቅኋቸው። ትንሽ አሰብ አድርገው፣ «ልጄ፣ የሚያየው ሰው ይመጣል፣ ይሄዳል። እነሱ የሚጠብቁት እሱን አይደለም» አሉኝ።

ካሜራዬን ሳልከፍት ወረድኩ።