ከሽኩናው ቫአድ ለምን ሸሸን?



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ትንሽ ይመስላል። በየሕንፃችን መግቢያ፣ ከፖስታ ሣጥኖቹ በላይ፣ የተለጠፈች አንዲት ወረቀት አለች። «የሽኩናው ቫአድ አሴፋ፣ ማክሰኞ ማታ፣ በማትናሱ» ትላለች። ብዙዎቻችን አይተናት እናልፋለን። ልጅ አብሮን ካለ «ምን ይላል?» እንለዋለን። ልጁም ቸኩሎ «ምንም አይደለም አባ፣ አሴፋ ነው» ይለናል። በዚያው ደረጃውን እንወጣለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በእኛ ሽኩና ሽማግሌዎቻችን በሳምንት አንድ ቀን የሚሰበሰቡበት ክፍል ለሌላ ሥራ ተሰጠ። ቡናቸውን የሚጠጡበት፣ ከሚስራዱ የመጣላቸውን ደብዳቤ የሚያስነብቡበት ክፍል ነበር። ተናደን ሄድን። «ማን ወሰነ?» አልን። ፕሮቶኮሉን አወጡልን። አሴፋ ተጠርቶ ነበር፣ ወረቀቱም ሁለት ሳምንት ተለጥፎ ነበር። የመጡት ዐሥር ሰዎች ናቸው፣ እጅ አውጥተው ወሰኑ። ከሽኩናው ቤቶች ግማሽ ያህሉ የእኛ ሆነው ሳለ ከዐሥሩ አንድም የእኛ ሰው የለበትም። የምንከሰው ሰው አጣን። ከመካከላችን አራት ሰዎች ለቫአዱ የገባነው ከዚያ በኋላ ነው፣ በነፃ፣ ማታ ማታ፣ ከሥራ መልስ።

ግን ጥያቄው አልለቀቀንም። ለምን አልሄድንም ነበር? ስንፍና ነው የሚሉ አሉ። እኛ አይመስለንም። ነገሩ ረጅም ታሪክ አለው።

በሀገር ቤት ሳለን ኅብረት አናውቅም ነበር የሚል ሰው ካለ እዚያ አልኖረም። አዝመራ ሲደርስ ደቦ ይጠራል፤ በወንፈል ዛሬ ለአንተ ነገ ለእኔ ይታረሳል፤ ሰው ሲሞት መንደሩ በሙሉ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። የጸሎት ቤቱ ጣራ ሲያፈስ ሣር የሚያጭደው፣ ጭቃ የሚያቦካው፣ ማገር የሚያመጣው ማን እንደሆነ ማንም አይጽፈውም፣ ሁሉም ያውቀዋል። ሁለት ሰዎች በድንበር ቢጣሉ ሽማግሌ ይቀመጣል። ሽማግሌውን በድምፅ የመረጠው የለም። ነገር አይቶ፣ ቃሉን ጠብቆ ሲኖር ሰዉ ራሱ ወደ እሱ መሄድ ይጀምራል። ሹመቱ ይኸው ነበር።

ከዚያ 1975 መጣ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1967። ደርግ በየካቲት የገጠር መሬት አዋጅን፣ በሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ቤት አዋጅን አወጣ። ገበሬ ማኅበርና ቀበሌ የተወለዱት ያኔ ነው። እውነቱን መናገር አለብን፣ የመሬቱ አዋጅ ለወገኖቻችን ትልቅ ዜና ነበር። በጎንደር ገጠር አብዛኛው ሰዋችን በሌላ ሰው መሬት ላይ ጭሰኛ ነበር። በሸክላና በቀጥቃጭነት ሲተዳደር የኖረ ሰው የሚያርሰው መሬት የራሱ ይሆናል ሲባል ማን አይደሰትም? ብዙ ሳይቆይ ግን ያው ማኅበር ስም የሚመዘግብ፣ መዋጮ የሚሰበስብ፣ ለሚሊሺያ ሰው የሚቆጥር ሆነ። ከወረዳ ወደ ወረዳ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት የሚሰጠውም እሱ ነው። ወደ ሱዳን የወጣን ሁሉ እናስታውሳለን፤ ከጉዞው በፊት ከሁሉ የሚፈራው ሽፍታው አልነበረም፣ የሊቀ መንበሩ ጆሮ ነበር። እህል ለጎረቤት ሳይነገር ይሸጣል፤ በሌሊት ይወጣል፤ ቤቱ ሰው ያለበት እንዲመስል ይተዋል።

እንግዲህ «ኮሚቴ ጠርቶሃል» የሚለው ቃል በአባቶቻችን ጆሮ ምን እንደሚመስል አስቡት። ስምን ከዝርዝር ማራቅ፣ ሲጠየቁ ዝም ማለት፣ ወረቀት ላይ አለመፈረም ጥበብ ነበር። ያ ጥበብ ብዙ ነፍስ አድኗል። ሰው ደግሞ ሕይወቱን ያዳነለትን ነገር አውሮፕላን ላይ ጥሎት አይወርድም።

አሁን ወደዚህ አገር ታሪክ እንምጣ፤ የገባንበት ሽኩና እኛ ከመምጣታችን በፊት የራሱ ታሪክ ነበረውና።

እነዚህ ባለ ሦስትና ባለ አራት ፎቅ ሕንፃዎች በብዛት የተሠሩት በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ነው፤ ከሞሮኮ፣ ከኢራቅ፣ ከየመን፣ ከሮማኒያ ለመጡ ዖሊም በጥድፊያ። ክፍሎቹ ጠባብ ነበሩ፣ ቤተሰቡ ሰፊ። በጁላይ 1959 በሃይፋ ዋዲ ሳሊብ ፖሊስ አንድ የሞሮኮ ዖሌ በጥይት አቆሰለና ሰፈሩ ተነሣ፤ ረብሻው ወደ ሌሎች ከተሞችም ተዛመተ። በ1971 ደግሞ በኢየሩሳሌም ሙስራራ ወጣቶች ራሳቸውን «ፓንቴሪም ሽሖሪም» ብለው ለሰልፍ ወጡ፤ ጎልዳ ሜየርም ተቀብላ አነጋገረቻቸው። የሁለቱም ጩኸት አንድ ነበር፦ ቤቱ፣ ሥራው፣ ትምህርት ቤቱ።

በ1977 ምርጫ ሜናሔም ቤጊን አሸነፈ። ያሸነፈውም በእነዚያው ሽኩኖት ድምፅ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። እሱም «ሺኩም ሽኩኖት» የተባለውን ሥራ አወጀ፤ ሽኩኖቹን ማደስ ማለት ነው። ገንዘቡ ከመንግሥትና በሶኽኑት በኩል በውጭ ካሉ አይሁዶች መጣ፤ የውጭ ከተማ ከአንድ ሽኩና ጋር ይጣመር ነበር፣ ለምሳሌ ሎስ አንጀለስ ከሙስራራ።

በዚህ ሥራ ውስጥ እኛን የሚመለከተው ከገንዘቡ ይልቅ አሠራሩ ነው። በየሽኩናው አመራር ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ግማሹ ያህል የኢሪያና የሚኒስቴር ሠራተኞች፣ ግማሹ ያህል ነዋሪዎች። ገንዘቡ ለተጨማሪ ክፍል ይዋል ወይስ ለመዋእለ ሕፃናት፣ ለማትናስ ወይስ ለሕንፃው ግድግዳ ልስን፣ ነዋሪው ከሹሙ ጎን ተቀምጦ ይከራከራል። ዕብራይስጥ አጥርተው የማያነቡ እናቶች ነበሩበት። ባጀት ምን እንደሆነ ቀስ እያሉ ተማሩ፤ ከተማሩ በኋላ ደግሞ ማን ያስቆማቸዋል? ዛሬም በአሴፋ ላይ የሞሮኮ ጎረቤቶቻችን ድምፃቸውን ሲያነሱ ጠብ የተነሣ ይመስለናል። ጠብ አይደለም። አንዷ ሊቀ መንበሩን ጮኻበት ስታበቃ ራሷ የጋገረችውን ኬክ ቆርሳ ሰጠችው፤ እኛ ተያየን። ያ ድምፅ በዚያ ዘመን የተገኘ ይመስለናል።

እኛ የት ነበርን? ሽኩኖቹ በሚታደሱበት ዘመን የኛ ሰው ሱዳን ካምፕ ውስጥ ወገኑን ይቀብር ነበር። በሙሴ ዘመቻ፣ ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985፣ ወደ 8,000 የሚሆን ሰው ገባ። በሰሎሞን ዘመቻ በሜይ 1991፣ በ36 ሰዓት ውስጥ፣ ከ14,000 በላይ ገባ። ከዚያ ሆቴል፣ መርካዝ ክሊታ፣ ካራቫን። በሐጽሮት ያሳፍና በጊቫት ሐማቶስ የኖራችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ የክረምቱን ጭቃ፣ የበጋውን የቆርቆሮ ሙቀት። በዚያ ሁሉ ጊዜ ምን እንደምንበላ፣ የት እንደምንኖር፣ ልጆቻችን የት እንደሚማሩ ሌላ ሰው ይወስንልን ነበር። በደግነት የወሰኑልንም ነበሩ። ግን ሰው ሲወሰንለት ከኖረ ዝም ማለቱ የባሰ ይሰምርለታል።

በ1993 መንግሥት ለኛ የተለየ ማሽካንታ አወጣ፤ አብዛኛው ገንዘብ ስጦታ ነበር። ዓላማው ቤታችንን በመሃል አገር፣ ጠንከር ባሉ ሰፈሮች እንድንገዛ ነበር። ነገር ግን ገንዘቡ የሚበቃው የት ነው? በነዚያው በ1950ዎቹ ሕንፃዎች። በረሖቮት ቂርያት ሞሼ፣ በቂርያት ማላኪ፣ በነታኒያ፣ በገዴራ ሻፒራ፣ በአፉላ። ከሞሮኮና ከኢራቅ የመጡት ልጆች ትንሽ ሲደላቸው እየሸጡ ወጡ፣ እኛ እየገዛን ገባን። የገዛነው ቤቱን ነው። በቫአዱ ጠረጴዛ ዙሪያ የነበረው ወንበር ግን ከቤቱ ጋር አይሸጥም፤ እዚያ የቀሩት የድሮ ነዋሪዎች ናቸው። የማደሻው ትልቁ ገንዘብም በዚያ ጊዜ ተሟጥጦ ነበር። ሲበላ ሳይሆን ማዕዱ ሲነሣ ደረስን።

ቫአድ ሲርቁት ምን እንደሚያደርግ ያየነው በጃንዋሪ 2012 ነው። በቂርያት ማላኪ አንዳንድ ሕንፃዎች ውስጥ የቤት ባለቤቶች ለኢትዮጵያ ቤተ እስራኤል ላለመሸጥና ላለማከራየት ተስማምተዋል የሚል ዜና በቴሌቪዥን ወጣ። አገር ተነሣ። ልጆቻችን በቂርያት ማላኪ ወጡ፣ ከዚያም በኢየሩሳሌም ከክኔሴት ፊት ለፊት ቆሙ። እኛ ወላጆች አለቀስን። አንድ ነገር ግን ብዙ አልተወራም፦ እንዲህ ያለ ስምምነት በጎዳና ላይ አይደረግም። ጎረቤቶች ተሰብስበው የሚቀመጡበት ቦታ ላይ ነው የሚደረገው፤ እዚያ ቦታ ከእኛ አንድ ሰው ቢቀመጥ ማን አፉን ይከፍታል?

ሕጉ ምን ይላል ለምትሉ ባጭሩ እንንገራችሁ። የሕንፃው ቫአድ ባይት በ1969 የመሬት ሕግ የታወቀ ነው። ቤት የገዛ ሁሉ የአሴፋው አባል ነው፤ አሴፋው በዓመት አንድ ጊዜ ይሰበሰባል፤ ከአንድ እስከ አምስት ሰው ይመርጣል። መደበኛው ደንብ ይህ ነው። የሽኩናው ቫአድ ብዙ ጊዜ ዓሙታ ነው፣ እሱም በ1980ው የዓሙታ ሕግ ይተዳደራል። አጠቃላይ አሴፋ አለው፣ ቫአድ አለው፣ ሒሳቡን የሚያይ ቫአዳት ቢኮሬት አለው፤ በቫአዱ ያለ ሰው ቢኮሬት ውስጥ መግባት አይችልም። ትርፍ መከፋፈልም ክልክል ነው። እናቶቻችን ይህን ስንነግራቸው «ታዲያ እንደ ዕቁባችን ነው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ አንድ አይሆንም» አሉን። ልክ ናቸው፣ እኛ በሁለት ስብሰባ ያልገባንን በአንድ አፍ ጨረሱት።

አሁን ስለራሳችን ጥፋት እንናገር። መጀመሪያው ዓመት እንዲያው ተቀምጠን ወጣን። ነገር ሲነሣ፣ ካልተስማማን፣ እንደ ልማዳችን ዝም እንል ነበር። በሀገር ቤት ትልቅ ሰው ዝም ካለ ሰብሳቢው «አባ፣ ምነው ዝም አሉ?» ይላል፤ ነገሩ ይቆማል፣ እንደገና ይታያል። የሽማግሌ ዝምታ ከብዙ ሰው ንግግር ይከብዳል። እዚህ ግን ሊቀ መንበሩ «ተቃዋሚ አለ? የለም። አለፈ» ብሎ ይጽፋል። ከሁለት ወር በኋላ ፕሮቶኮሉን በልጆቻችን አስነበብን። አንድ የተቃወምነው ነገር «በሙሉ ድምፅ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩም የእኛ ፊርማ አለ። ማንም አላታለለንም። እኛ ተናግረናል ብለን አስበን ነበር፣ እነሱ ደግሞ ምንም አልሰሙም።

ከአራታችን አንዱ ያን ዕለት «ናቁን» ብሎ ተወው። አልፈረድንበትም፤ በቀበሌ ዘመን ወንድሙን ያጣ ሰው ነው፣ ፊርማ ሲያይ ሰውነቱ ይለወጣል። ሦስታችን ቀረን። አንድ ዓረፍተ ነገር በዕብራይስጥ ተማርን፦ «አኒ ሚትናጌድ፣ ና ሊርሾም»። እቃወማለሁ፣ እባክህ ጻፈው ማለት ነው። መጀመሪያ ስንናገረው ላባችን መጣ። ሊቀ መንበሩ ግን ቀና ብሎ «በሰዴር» አለና ጻፈው። ይኸው ነው፤ ያን ያህል ዘመን የፈራነው ነገር።

ይህን ሁሉ ዛሬ የምንጽፈው በምክንያት ነው። አሮጌዎቹ ሕንፃዎቻችን ባሉባቸው ሰፈሮች አሁን ፒኑይ ቢኑይ እየመጣ ነው፤ ሕንፃው ፈርሶ አዲስ ይሠራል። ቀድሞ ሥራው ከእምቢተኛ ነዋሪ ጋር በሕግ እንዲቀጥል ከአፓርታማ ባለቤቶች 80 በመቶ መስማማት ነበረበት፤ በ2021 ወደ ሁለት ሦስተኛ ወረደ። አስቡት፤ በአንድ ሕንፃ 24 ቤት ካለ 16 ፊርማ ይበቃል ማለት ነው። ጠበቃውን የሚመርጠው፣ ከኩባንያዎቹ ጋር የሚነጋገረው የነዋሪዎች ወኪል ነው፣ እሱም በአሴፋ ላይ ይመረጣል። ያ ማሽካንታ ያስገኘልን ቤት ለብዙዎቻችን ያለን ንብረት ሁሉ ነው። ከታደሰ በኋላ የወር ክፍያው፣ የአሳንሰሩና የጽዳቱ መዋጮ ስንት እንደሚሆን፣ ጡረታ የወጣች እናት ልትከፍለው ትችል እንደሆነ የሚጠየቀው ከመፈረም በፊት ነው። ያደራጀው ሰው ከማስፈረሙ በፊት አሴፋ መጥራትና ማስረዳት በሕግ ግዴታው ነው። በር እያንኳኳ «ጎረቤቶችሽ ሁሉ ፈርመዋል» የሚል ሰው ከመጣ ወረቀቱን ተቀበሉት፣ ግን በዚያው ቀን አትፈርሙ፤ ሌሊቱን ይደርበት።

የሽማግሌዎቹ ክፍል ነገር ምን ደረሰ ትሉ ይሆናል። ሙሉውን አላስመለስንም። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ተሰጥቶናል፤ ጀበናውን ማስቀመጫ ቁም ሣጥንም አለን፣ ቁልፉ እኛ ዘንድ ነው። በፕሮቶኮሉ ላይ ተጽፏል፣ ቁጥር 4 ላይ።

የሚቀጥለው አሴፋ ወረቀት ሲለጠፍ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልን፤ በአማርኛ ተርጉመን እዚሁ ገጽ ላይ እናወጣዋለን።