የወላጅነት ዝለት፦ ልጅ ማሳደግ አቅምን ሲያሟጥጥ፣ የናይሮቢ ተሞክሮ ምን ያሳያል?

ልጅ ማሳደግ ደስታ እንዳለው ሁሉ ድካምም አለው። ቀን በሥራ ውሎ ሌሊት ከሚያለቅስ ሕፃን ጋር የሚያነጋ ወላጅ ቢማረር አያስገርምም። እንዲህ ያለው ድካም እንቅልፍ ሲገኝ ወይም የሚያግዝ ሰው ሲመጣ ይቀላል። በዕረፍት የማይለቅ፣ ወላጅን ከገዛ ልጆቹ የሚያርቅ ድካም ግን ከዚህ የተለየ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች 'የወላጅነት ዝለት' ይሉታል።

ጉዳዩ ወላጆችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ዝለቱ ሲበረታ መዘዙ ለልጆችም እንደሚተርፍ ጥናቶች አሳይተዋል።

ዝለት ከተራ ድካም በምን ይለያል?

ዝለት የሚለው ሐሳብ መጀመሪያ የታወቀው ከሥራ ጋር በተያያዘ ነው። እአአ በ1974 የሥነ ልቦና ባለሙያው ኸርበርት ፍሮይደንበርገር፣ ሌሎችን ሲረዱ የራሳቸው አቅም ስለሚሟጠጥ የበጎ አድራጎት ክሊኒክ ሠራተኞች ጻፈ። የዓለም ጤና ድርጅትም እአአ በ2019 ባጸደቀው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ዝለትን ከሥራ ቦታ ጋር የተያያዘ ክስተት አድርጎ መዝግቦታል። በዚህ ምደባ መሠረት ቃሉ ለሌላ የሕይወት ዘርፍ አያገለግልም። ስለዚህም የወላጅነት ዝለት በዓለም አቀፉ ዝርዝር ውስጥ ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ አልሰፈረም። ይህ ማለት ግን ችግሩ የለም ማለት አይደለም።

በቤልጂየም የሉቫን ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኢዛቤል ሮስካም እና ሞይራ ሚኮላይዣክ እአአ በ2018 የወላጅነት ዝለትን የሚለኩ 23 ጥያቄዎችን አቅርበዋል። መለኪያው አራት ምልክቶችን ይፈትሻል።

የመጀመሪያው በወላጅነት ኃላፊነት ምክንያት የሚመጣ ከባድ መዛል ነው፤ ጠዋት ሲነሱ ሌላ ቀን ከልጆች ጋር ማሳለፍን ማሰብ ብቻ ያደክማል። ሁለተኛው "እንደ ድሮው አይደለሁም" የሚል ስሜት ነው፤ ወላጁ ቀድሞ ከነበረው ማንነቱ ጋር ራሱን እያነጻጸረ ያፍራል። ሦስተኛው በወላጅነት መንገሽገሽ፣ አራተኛው ደግሞ ከልጆች በስሜት መራቅ ነው። ወላጁ ያበላል፣ ያለብሳል፣ ትምህርት ቤት ያደርሳል፤ ከዚያ ያለፈ ፍቅር ለመስጠት ግን አቅም ያጣል።

ዝለት ከድባቴም ይለያል። ድባቴ የሕይወትን ዘርፍ ሁሉ ሲያጨልም፣ የወላጅነት ዝለት ቢያንስ በመጀመሪያው ደረጃ ከወላጅነት ጋር ብቻ የተያያዘ ነው። በሥራ ቦታ ተጫዋች የሆነ ሰው የቤቱ ደጃፍ ላይ ሲደርስ እግሩ ሊከብደው ይችላል።

መዘዙ ምንድን ነው?

ሁለቱ ተመራማሪዎች ከአሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጄምስ ግሮስ ጋር እአአ በ2019 ባሳተሙት ሥራ ወላጆችን በተለያየ ጊዜ ደጋግመው ጠይቀዋል። ውጤቱ እንዳመለከተው ዝለት ሲጨምር ሁሉን ትቶ የመጥፋት ሐሳብ፣ ልጆችን ችላ ማለት እና በልጆች ላይ የሚፈጸም የቃልም ሆነ የአካል ጥቃት ይጨምራል። የተጎዱት ወላጆች አብዛኛውን ጊዜ ልጆቻቸውን የማይወዱ አይደሉም። እንዲያውም ፍጹም ወላጅ ለመሆን ከልክ በላይ የሚጥሩ ሰዎች ለዝለት ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው።

ለምን አንዱ ሲዝል ሌላው ይቋቋማል?

ተመራማሪዎቹ ለዚህ የሚሰጡት ማብራሪያ በሚዛን ይመሰላል። በአንዱ ወገን ጫናዎች አሉ፦ የገንዘብ ችግር፣ የታመመ ልጅ፣ ብቻ ማሳደግ፣ ከራስ ብዙ መጠበቅ። በሌላው ወገን አቅሞች አሉ፦ የትዳር አጋር ድጋፍ፣ ዘመድና ጎረቤት፣ የዕረፍት ጊዜ፣ ስሜትን የመግዛት ክህሎት። ጫናው ለረዥም ጊዜ ከአቅሙ ሲያይል ዝለት ይከተላል።

እአአ በ2021 ይፋ የሆነውና በ42 አገራት 17,409 ወላጆችን ያካተተው ጥናት አንድ ትልቅ ልዩነት አሳይቷል። ግለኝነት በሚጎላባቸው ባለጸጋ ምዕራባውያን አገራት ዝለት በብዛት ታይቷል። ከአፍሪካ አልጄሪያ፣ ቡሩንዲ፣ ካሜሩን፣ ግብፅ፣ ሩዋንዳ እና ቶጎ ተሳትፈዋል፤ ኬንያና ኢትዮጵያ ግን አልነበሩበትም። የኑሮ ደረጃ ልዩነት ከግምት ሲገባም ከዝለት ጋር ጎልቶ የተያያዘው የግለኝነት ባህል ነበር።

ለምሥራቅ አፍሪካ አንባቢ ይህ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" የሚለው አባባል ፍሬ ነገሩን ይዞታል። አራስ የሚጠይቅ፣ ገንፎ የሚያገነፋ፣ ልጅ የሚያዝል ዘመድ ባለበት ሸክሙ ይከፋፈላል። ጥያቄው ያ ዘመድ ገጠር ቀርቶ ወላጅ ከተማ ውስጥ ብቻውን ሲሆን ምን ይፈጠራል የሚለው ነው።

ናይሮቢ ምን ታሳያለች?

በ2019ኙ ቆጠራ ወደ 4.4 ሚሊዮን ሕዝብ የነበራት ናይሮቢ ከገጠርና ከጎረቤት አገራት የመጡ ብዙ ቤተሰቦች የሚኖሩባት ከተማ ናት። ኢስሊን በመሳሰሉ ሰፈሮች ከኢትዮጵያና ከሶማሊያ የሄዱ ስደተኞችም ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ። የኬንያ የሥራ ሕግ ለእናት ሦስት ወር፣ ለአባት ሁለት ሳምንት የወሊድ ፈቃድ ከሙሉ ክፍያ ጋር ይሰጣል። በቀን ሥራና በጉልት ንግድ የሚተዳደሩ እናቶች ግን የዚህ ፈቃድ ተጠቃሚ መሆን አይችሉም።

መቀመጫውን ናይሮቢ ያደረገው የአፍሪካ የሕዝብና የጤና ምርምር ማዕከል ከካናዳው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ኮሮጎቾ በተባለው ድሃ ሰፈር ያካሄደው ጥናት እዚህ ላይ ይጠቀሳል። እአአ በ2019 በታተመው በዚህ ጥናት ለሕፃናት ማቆያ ክፍያ ድጎማ ያገኙ እናቶች ካላገኙት ይልቅ ሥራ የመያዝ ዕድላቸው በ8.5 ነጥብ መቶኛ ከፍ ብሏል። ብቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች ደግሞ ገቢያቸው ሳይቀንስ የተሻለ የሥራ ሰዓት ወዳለው ሥራ መዛወር ችለዋል። ጥናቱ ዝለትን አልለካም፤ ሆኖም ከሚዛኑ የአቅም ወገን ላይ ምን መጨመር እንደሚቻል ያሳያል።

ሌላው ምሳሌ ከዳጎሬቲ አካባቢ የመጣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው አምስት ክፍለ ጊዜ ያለው አጭር የምክር አገልግሎት ጥቃት በደረሰባቸው 421 ሴቶች ላይ ተፈትሾ ውጤቱ እአአ በ2017 ታትሟል። ምክሩን የሰጡት ሐኪሞች ሳይሆኑ ሥልጠና የወሰዱ የአካባቢ የጤና ሠራተኞች ነበሩ። በዝግታ መተንፈስን፣ ችግርን ከፋፍሎ መፍታትን፣ የተውትን እንቅስቃሴ መጀመርንና ድጋፍ መፈለግን አስተምረዋል። ምክሩን ያገኙት ሴቶች የሥነ ልቦና ጭንቀት የተለመደውን አገልግሎት ካገኙት ይበልጥ ቀንሷል።

የስሜት ብልህነት ያድናል?

የስሜት ብልህነት የሚለውን ሐሳብ ፒተር ሳሎቬይ እና ጆን ሜየር እአአ በ1990 አብራርተውታል። ስሜትን ማወቅ፣ መረዳት፣ በቃላት መግለጽና መቆጣጠር መቻል ማለት ነው። ከተወለዱ በኋላም በሥልጠና የሚዳብር ክህሎት ነው።

የዚህ ክህሎት ባለቤት የሆኑ ወላጆች በአጠቃላይ ለዝለት ያላቸው ተጋላጭነት ያነሰ ነው። ሆኖም ክህሎቱ ሁለት ገጽ አለው። የራስን ስሜት ማወቅና ማስተዳደር ይጠብቃል። "አሁን የተቆጣሁት ልጁ ስላጠፋ ነው ወይስ ስለደከመኝ?" ብሎ ራሱን መጠየቅ የሚችል ወላጅ እጁን ከማንሳቱ በፊት ቆም የማለት ዕድል አለው። የሌላውን ስሜት ብቻ እያዳመጠ የራሱን የሚዘነጋ ሰው ግን የልጁን እያንዳንዱን ለቅሶ እንደ ራሱ ሕመም ስለሚሸከም ይበልጥ ሊዝል ይችላል።

ከዚህም በላይ ክህሎት የሕፃናት ማቆያን፣ የቤት ኪራይን ወይም የሚያግዝ አጋርን አይተካም። "ስሜትሽን ተቆጣጠሪ" የሚል ምክር ብቻውን ለዛለች እናት ተጨማሪ ወቀሳ ሊሆንባት ይችላል።

ምን ማድረግ ይቻላል?

በቤልጂየም የተሞከሩ የቡድን ሕክምናዎች ዝለትን ቀንሰዋል። ወላጆችን ያለ ፍርድ ማዳመጥ ላይ ያተኮረው ዘዴም ጠቅሟል። የሚደመጡበት ቦታ ማግኘት ራሱ ፈውስ አለው ማለት ነው።

በቤት ውስጥ ደግሞ ባለሙያዎች የሚመክሩት ከሚዛኑ ሁለት ወገኖች ይነሳል፦ መቅረት የሚችለውን ሥራ መቀነስ፣ የልጅ እንክብካቤን ከአባት ጋር በግልጽ መከፋፈል፣ ዘመድን ወይም ጎረቤትን ለጥቂት ሰዓት እገዛ መጠየቅ፣ እንቅልፍን እንደ ቅንጦት አለማየት።

ልጅን የመጉዳት፣ ጥሎ የመጥፋት ወይም ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ጊዜ ሳይሰጡ ለታመነ ሰው መናገርና ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ቁጣው ሲገነፍልም ሕፃኑን አደጋ በሌለበት ቦታ አስተኝቶ ለጥቂት ደቂቃ ዞር ማለት ልጅን መተው ሳይሆን መጠበቅ ነው።