የአካል ብቃት ዕውቀት ወደ ሰቆጣ የሚደርስበት መንገድ

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ስታዲየም አበበ ቢቂላ የማራቶኑን ሩጫ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ፈጽሞ መስመሩን ባለፈ ጊዜ፣ ተመልካቹ ይወድቃል ብሎ ሲጠብቀው እርሱ ወደ ሣሩ ገብቶ እጅና እግሩን ያፍታታ ጀመር። ብዙ ሰው ይህን እንደ ትርኢት ተመልክቶታል። በሙያው ውስጥ ላለ ሰው ግን ድርጊቱ ከሰዓቱ ባልተናነሰ የሚያስደንቅ ነው፤ ሯጩ ከጥቂት ሳምንታት በፊት የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበርና። እንዲህ ያለው አካል በሩጫ ብቻ አይገነባም።

አሠልጣኙ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ወደ አገራችን የመጣው በ1930ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ መነሻ ሙያው የአካል ማጎልመሻ መምህርነት ነበር። ይህን ነጥብ በመጠኑ ችላ ያልነው ይመስለኛል። ከእርሱ በኋላ ንጉሤ ሮባ መጣ፤ በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ምሩፅ ይፍጠር በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ድል ያደረገው በእርሱ አሠልጣኝነት ነው። ወልደመስቀል ኮስትሬም ወደ ሀንጋሪ ተልኮ ተምሮ ተመለሰ። እንግዲህ ዕውቀቱ ወይ በእንግዳ እግር መጥቷል፣ ወይ የእኛ ሰው ሄዶ አምጥቶታል። የመጣውም ዕውቀት አዲስ አበባ ላይ ከረመ።

በዚያው ዘመን በውጭው ዓለም ጉልበትን የመገንባት ጥበብ ራሱን የቻለ ሙያ እየሆነ ነበር። ዴሎርም የተባለው አሜሪካዊ የጦር ሐኪም ቁስለኞችን በየጊዜው በሚጨመር ክብደት እያለማመደ ያገግሙ እንደ ነበር በ1930ዎቹ ጽፏል፤ የዛሬው «ጫናን ቀስ በቀስ መጨመር» የሚባለው መርሕ በዚህ መንገድ ሥር ያዘ። በ1970 ዓ.ም. የአሜሪካ የጉልበትና የአካል ብቃት አሠልጣኞች ማኅበር በነብራስካ ተመሠረተ። ዛሬ ደግሞ በአውስትራሊያ ፐርዝ የሚገኘው ኤዲት ካዋን ዩኒቨርሲቲ በዚሁ ሙያ ሁለተኛ ዲግሪን በኢንተርኔት ያስተምራል፤ በሌሎች አገሮችም ተመሳሳይ ትምህርት አለ።

ለሰቆጣ የስፖርት መምህር ይህ ምን ማለት ነው? ለትምህርት ሁለት ዓመት ወደ ከተማ ቢሄድ ክፍሉ ያለ መምህር ይቀራል፤ ከሄዱትም የማይመለሱ አሉ። በርቀት ቢማር ግን ማለዳ ያነበበውን ከሰዓት በኋላ በሜዳ ሊሞክረው ይችላል። በእንግሊዝኛ አንብቦ፣ በአማርኛ አስቦ፣ ለታዳጊዎቹ በኽምጣና ያስረዳል። ይህ ሸክም መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን በሦስት ቋንቋ ያላለፈ ሰው አንድን ሐሳብ ይህን ያህል አያብላላውም።

ዋናው ቁም ነገር ግን ዕውቀቱ ወደ ሰቆጣ ብቻ የሚፈስ አለመሆኑ ነው። በ1961 ዓ.ም. ማሞ ወልዴ በሜክሲኮ ከተማ ማራቶንን ሲያሸንፍ፣ የከተማይቱ ከፍታ 2,240 ሜትር መሆኑ የዓለምን ሳይንቲስቶች በብርቱ አስጨንቆ ነበር። ሰቆጣ የምትገኘው ከዚያው ጋር በሚቀራረብ ከፍታ ላይ ነው። ለዋግ ተማሪ ይህ የዘወትር አየሩ ነው። በ1995 ዓ.ም. የታተመ የሲንቲያ ቢል ጥናት ደግሞ፣ በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ አማሮች የደማቸው ሄሞግሎቢንም ሆነ የኦክሲጅን ይዞታቸው በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው ብዙም እንደማይለይ አሳይቷል። የአንዲስ ተራራ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ይላል፤ የቲቤት ሰዎች የኦክሲጅን ይዞታቸው ዝቅ ይላል፤ እነዚህ ግን ከሁለቱም አልሆኑም። ስለሆነም በባሕር ጠረፍ ላብራቶሪ የተቀመረን የልምምድ ሠንጠረዥ ሳይፈትሹ መገልበጥ አይገባም። የመመረቂያ ጽሑፉን በሰቆጣ ሜዳ ላይ የሚሠራ መምህር፣ በኖራ ምልክት በግድግዳ ላይ የዝላይ ከፍታ እየለካ እንኳ፣ በፐርዝ ያለ መምህሩ የሌለውን መረጃ ይይዛል።

በመስታወት የማያልፍም ነገር አለ። ክብደት የሚያነሣ ልጅ ወገቡ ሲጎብጥ በቅርብ የሚያይ ዐይን፣ ትከሻውን የሚያቃና እጅ ያስፈልጋል፤ የተግባር ሰዓት በባለሙያ ፊት ካልተሞላ ዲግሪው ግማሽ ነው። መጽሐፎቹም ሠልጣኙ ጠግቦ ይመጣል ብለው ይጀምራሉ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ክፉኛ በተመታች በዋግ ግን የአካል ብቃት መምህር ከጫናው በፊት የሚጠይቀው ስለ ቁርሱ ነው። ባዶ ሆድ ላይ የተጨመረ ጫና ጡንቻን ይበላል እንጂ አይገነባም።

ከዚህ በላይ መንገዱ ራሱ ይቆረጣል። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ሰቆጣን አዳረሰ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ቆየ። የፈተና ቀን የማይጠብቅ ዩኒቨርሲቲ ይህን እንደ ስንፍና ሊቆጥረው ይችላል። ማኅበራችን በዚህ ረገድ የሚሠራው አለ፤ በርቀት ለሚማሩ አባላት የማስረጃ ደብዳቤ እየጻፈ የጊዜ ማራዘሚያ መጠየቅ፣ መጻሕፍቱንና የትምህርት ፊልሞቹን በዲስክ ቀድቶ ወደ ሰቆጣ መላክ፣ የተግባር ሰዓታቸውንም በክረምት ወር በባሕር ዳር ወይም በአዲስ አበባ ባሉ አሠልጣኞች ፊት እንዲሞሉ ማመቻቸት ይችላል።