የሊዝበን ዳገትና ሜዳ

ሊዝበንን ለማወቅ ጥሩ ጫማ ይበቃል። አልፋማና ባይሻ የተባሉት ሰፈሮቿ ጎረቤታሞች ናቸው፤ በመካከላቸው ግን አንድ የምድር መንቀጥቀጥ አለ።

አልፋማ ዳገት ላይ የተንጠለጠለ ሰፈር ነው። ስሙ ከዓረብኛ የመጣ ሲሆን ፍል ውሃ ማለት ነው፤ ከተማዋን እስከ 1147 (እ.ኤ.አ.) የገዙት ሙስሊሞች ትተውት የሄዱት ስም ነው። መንገዱ ጉራንጉር ነው። ደረጃው ይወጣል፣ ይታጠፋል፣ የሰው ግቢ የገቡ ሲመስልዎት ወደ ሌላ ደረጃ ይወስዳል። ከራስ በላይ አንሶላና ሸሚዝ ተሰጥቷል። በሰኔ የቅዱስ አንቶንዮስ በዓል ሲደርስ በየደጃፉ ሰርዲን በከሰል ይጠበሳል፤ ጭሱ ልብስ ላይ ያድራል።

ቁልቁል ሲወርዱ ባይሻ ነው። መንገዱ በማስመሪያ የተሰመረ፣ መስኮቱ ሁሉ አንድ ልክ። የወርቅ፣ የብር፣ የጫማ ሰፊዎች እየተባለ ለየሙያው መንገድ ተደልድሏል፤ ስሙ ዛሬም በየማዕዘኑ ተጽፏል።

ይህን ልዩነት ያመጣው እ.ኤ.አ. የኖቬምበር 1 ቀን 1755 ማለዳ ነው። የቅዱሳን ሁሉ በዓል ነበርና ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያን ሞልቷል፤ ሻማው በርቷል። ምድር ተንቀጠቀጠች፣ ባሕሩ በወንዙ በኩል ገነፈለ፣ እሳቱም ለቀናት ነደደ። ሜዳው ባይሻ ወደመ። አልፋማ ቢጎዳም ቅርጹ ተረፈ። ከባይሻ ቀና ሲሉ የሚታዩት የካርሙ ገዳም ቅስቶች እስከ ዛሬ ጣሪያ አልለበሱም።

የባይሻን ዳግም ግንባታ የመራው ኋላ ማርኪስ ፖምባል የተባለው ሚኒስትር ነው። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ዓይን የማያየው ነው፤ በየግድግዳው ውስጥ በመስቀለኛ ማገር የተጋጠመ የእንጨት አፅም ቆሟል። ፖርቱጋሎች «ጋዮላ» ይሉታል፣ የወፍ ቤት እንደማለት ነው። ምድር ስትወዛወዝ እንጨቱ አብሮ ይወዛወዛል፤ ድንጋዩ ቢረግፍ እንኳ ወለሉንና ጣሪያውን ይዞ እንዲቆይ ታስቦ የተሠራ ነው።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። የዐፄ ልብነ ድንግል መልእክተኛ ጸጋ ዘአብ እ.ኤ.አ. በ1527 እዚህ ደርሰው ዓመታት ቆይተዋል። የፖርቱጋል የሃይማኖት ሊቃውንት ቁርባን ከለከሏቸው። እሳቸውም ስለ ሀገራቸው እምነት ጻፉ፤ ፖርቱጋላዊው ምሁር ዳሚያኦ ዴ ጎይስ በላቲን አድርጎ በ1540 አሳተመው። በዘመናቸው የነበረው የወንዝ ዳር ቤተ መንግሥት በዚያ የመንቀጥቀጥ ማለዳ ጠፍቷል፤ ነዋሪው ቦታውን አሁንም «የቤተ መንግሥት ሜዳ» ይለዋል። ጸጋ ዘአብ ያዩትን ሊዝበን የምትፈልጉ ባይሻ ላይ አትድከሙ፤ የአልፋማን ዳገት ውጡ።