ባለ ገጹን ማን ጠየቀው?

ወዳጆች፣ ዛሬ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁና ፎርም ስለሚባል ኩባንያ ላውጋችሁ። ብዙ ሰው ረስቶታል፤ ለእኔ ግን ቶሎ የረሳነው ይመስለኛል።

በ2006 እና በ2007 (በፈረንጆቹ ማለቴ ነው) የእንግሊዙ ትልቁ የቴሌኮም ድርጅት ቢቲ የፎርምን መሣሪያ በሺዎች በሚቆጠሩ ደንበኞቹ ላይ በድብቅ ሞከረ። ማንም አልጠየቃቸውም፣ ማንም አልነገራቸውም። አንዳንዱ ደንበኛ ኮምፒውተሩ ከማያውቀው አድራሻ ጋር ሲገናኝ አይቶ ቢጠይቅ፣ “ቫይረስ ይሆናል” ተባለ። ነገሩ አደባባይ የወጣው በ2008 ነው። ያኔ ቨርጂን ሚዲያና ቶክቶክም ከፎርም ጋር ለመሥራት እየተዘጋጁ እንደነበር ታወቀ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ አንድ ገጽ ትከፍታላችሁ። ጥያቄያችሁ በኢንተርኔት አቅራቢው በኩል ሲያልፍ እዚያ የተተከለ ማሽን ይጠልፈዋል። ብሮውዘራችሁን ወዲያ ወዲህ ካመላለሰ በኋላ የመለያ ቁጥር ያለበት ኩኪ ያስቀምጥበታል፤ ያውም በምትጎበኙት ድረ ገጽ ስም! ባለ ድረ ገጹ ስለ ኩኪው የሚያውቀው ነገር የለም። ገጹ ወደ እናንተ ሲመጣ ደግሞ ማሽኑ ይቀዳውና ደጋግመው የመጡትን ቃላት ይለቅማል። ስለ ጫማ ካነበባችሁ፣ ሌላ ቦታ የጫማ ማስታወቂያ ይጠብቃችኋል።

ፎርም “ስም አንይዝም፣ የሰውየውን ማንነት አናውቅም” እያለ ይከራከር ነበር። ጫጫታው በሙሉ በአንባቢው ምስጢር ዙሪያ ሆነ። ተገቢ ነው። እኔን የሚከነክነኝ ግን ገጹን የሠራው ሰው ነው።

እስቲ አስቡት። አንዲት ነጋዴ ገንዘቧን አውጥታ የጫማ ሱቅ ድረ ገጽ ሠራች። ደንበኛ መጣላት። መንገዱን የያዘው አቅራቢ ገጿን ቀድቶ ሰውየው ጫማ ፈላጊ መሆኑን አወቀና ተፎካካሪዋ ማስታወቂያውን እንዲያሳየው መንገድ ከፈተ። በገዛ ጽሑፏ ገበያዋን ወሰዱባት ማለት ነው።

የእንግሊዝ የ1988 የቅጂ መብት ሕግ ላይ በ2003 የተጨመረ አንቀጽ አለ። መረጃ ሲተላለፍ የግድ የሚፈጠር ጊዜያዊ ቅጂ ጥሰት አይደለም፤ ነገር ግን ቅጂው ራሱን የቻለ ኢኮኖሚያዊ ጥቅም ሊኖረው አይገባም ይላል። የፎርም ቅጂ ደግሞ ገጹን ለማድረስ ምንም አያስፈልግም ነበር። የተቀዳው ለገንዘብ ነው። በእኔ እይታ ከዚያ አንቀጽ ጥላ ሥር የሚገባበት መንገድ የለም።

መልሳቸው ምን ነበር? ጉግል እንዲያየው ከፈቀድክ ለእኛም ፈቅደሃል፤ ካልፈለግክ አመልክትና እናውጣህ። ጉግል እኮ ገጽህን የሚቀዳው አንባቢ ሊያመጣልህ ነው፤ እነዚህ የመጣልህን ሊወስዱ ነው!

በኤፕሪል 2009 አማዞንና የዊኪፒዲያ ባለቤት ዊኪሚዲያ “ገጾቻችንን አትንኩ” አሉ። አቅም ያለው ተናገረ፤ ባለ ሱቋ መኖራቸውንም አልሰማች። በዚያው ወር የአውሮፓ ኮሚሽን በእንግሊዝ ላይ የሕግ ሂደት ጀመረ፤ ሐምሌ ላይ ቢቲ እቅዱን ተወው። በ2011 ዐቃቤ ሕግ ክስ ላለመመሥረት ወሰነ። በዚያው ዓመት የጠለፋ ሕጉ ተሻሻለ፤ ያም ቢሆን የአንባቢውን ፈቃድ የሚመለከት ነው። ፎርም ራሱ በ2016 ሥራ አቆመ።

ማሽኑ ግን አንድ ነገር ያቅተው ነበር፦ በኤችቲቲፒኤስ የተቆለፈ ገጽ ማንበብ። ያኔ በዚህ መንገድ የሚቆለፈው በብዛት የባንክና የክፍያ ገጽ ነበር። ድረ ገጽ ያላችሁ ወዳጆች፣ አድራሻችሁ ላይ ያቺ “ኤስ” መኖሯን አሁኑኑ እዩ። ከሌለች በመንገድ ላይ ያለው ሁሉ ገጻችሁን ማንበብም መቅዳትም ይችላል።